ጎንደር መግባት ቀላል ነው፤ መውጣቱን ንገሩኝ

ጠጋ በሉ፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጁን ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ጎንደር የሚልክ ወላጅ ሁሉ የሚጨነቀው ስለ መሄጃው ነው። የሚደወለው ለመሄጃ፣ ወረፋ የሚያዘው ለመሄጃ፣ ዘመድ የሚለመነው ለመሄጃ። እኛ ትኬት ቆራጮች ግን ሻይ ስንጠጣ እርስ በርሳችን የምናወራው ስለ ጥር 12 ነው። ወደ ጎንደር የሚገባው ሰው ከገና ማግስት ጀምሮ ቀስ በቀስ ነው የሚገባው፤ አንዱ ሳምንት ቀድሞ፣ አንዱ በዋዜማው። ሲወጣ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ልውጣ ይላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በመንግሥት የዕረፍት ቀን የሚባለው ጥር 11 ብቻ ነው። ከተራም ሆነ ቃና ዘገሊላ በቢሮ ሰው ዘንድ የሥራ ቀን ናቸው። የ2018ቱን ውሰዱ፤ ከተራ እሑድ፣ ጥምቀት ሰኞ ዋለ። ቅዳሜና እሑድ ከበዓሉ ጋር ሲገጥሙ አገሩ ሁሉ ሻንጣውን አነሣ። ማክሰኞ ጠዋት ግን አለቃ ይጠብቃል። ስለዚህ ያ ሁሉ ሕዝብ ሰኞ ከሰዓትና ማክሰኞ ጠዋት ላይ ተደራረበ። እሑድና ሰኞ ሲጨፍር የነበረው ተማሪ መመለሻ ፍለጋ ሲወጣ የሚያገኘው ወይ የተሸጠ ወንበር ነው፣ ወይ ደላላ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሹክሹክታዬ ይህ ነው፦ ጉዞውን ከመጨረሻው ጀምራችሁ ግዙት። መጀመሪያ መመለሻ፣ ቀጥሎ መኝታ፣ በመጨረሻ መሄጃ። መሄጃ በብዙ መንገድ ይገኛል፤ ቀኑን አንድ ቀን ወደኋላ ቢገፉት ይገኛል፤ ባሕር ዳር ድረስ በአውሮፕላን ተሂዶም መንገዱ ሰላም ከሆነ በመኪና ይቀጠላል። መመለሻ ግን አማራጩ ጠባብ ነው።

ተማሪ ደግሞ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ብዙ ወላጅ ግን አይጠቀምበትም። የቢሮ ሰው ጥር 12 ጠዋት ሥራ መግባት አለበት። ተማሪ አንድ ሁለት ቀን ክላስ ቢቀርበት ማስታወሻ ከጓደኛው ይገለብጣል። መመለሻውን ጥር 13 ካደረጋችሁለት ከግርግሩ ያመልጣል፤ ብዙ ጊዜ ዋጋውም ይለዝባል። ትርፉም አለው፦ አብዛኞቹ ታቦታት ጥር 11 ወደ መንበራቸው ሲመለሱ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚመለሰው በማግስቱ በቃና ዘገሊላ ነው። ሕዝቡ ሳስቶ ዝማሬው የሚደመጥበት ቀን ያ ነው ይላሉ የከተማው ሰዎች።

ነገር ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ስልክ ደውሉ። የሚደወለው ለእኛ አይደለም፣ ለልጁ ነው። «ፈተና መቼ ነው?» በሉት። ጥር በብዙ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሴሚስተር ማብቂያ አካባቢ ነው። ሬጅስትራር ያወጣው ካላንደር አንድ ነገር ይላል፣ መምህሩ ሌላ ቀን ይመርጣል፣ ትክክለኛው ወሬ ግን የክፍል ተወካዩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሚጽፈው ነው። ትኬት ከሚያስቀይሩ ተማሪዎች ብዙዎቹ ሐሳባቸውን ለውጠው አይደለም የሚመጡት፤ ፈተና ተቀይሮባቸው ነው። የቀን መቀየሪያ ክፍያ እንዳለ ደግሞ አትርሱ። በዓል ሲሆን ከክፍያው በላይ የሚያመው በአዲሱ ቀን የቀረው ወንበር ውዱ ብቻ መሆኑ ነው።

እስቲ አሁን የእኔን ስክሪን ላሳያችሁ። እናንተ «ወንበር አለ?» ስትሉኝ እኔ የማየው አንድ ቁጥር አይደለም። የአውሮፕላኑ የኢኮኖሚ ወንበር በፊደል ተከፋፍሎ ነው የሚታየኝ። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ዋጋና የራሱ ደንብ አለው፤ አጠገቡም የቀረው ወንበር ቁጥር ይጻፋል። ቁጥሩ ከ9 አይበልጥም፤ መቶ ወንበር ባዶ ቢሆንም 9 ነው የሚለው። ርካሹ ፊደል መጀመሪያ ያልቃል። ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዓይነት ሳንድዊች የሚበሉ ሁለት ሰዎች የከፈሉት ዋጋ ሰማይና ምድር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ምሥጢር አለ። ሁለት ጓደኛሞች አብረው ሊሄዱ ፈልገው በአንድ ጊዜ ሁለት ወንበር ሲጠይቁ በርካሹ ፊደል የቀረው አንድ ብቻ ከሆነ ሲስተሙ አንዱን በርካሽ፣ ሌላውን በውድ አይሰጥም። ሁለቱንም ወደ ውዱ ይወስዳቸዋል። ለየብቻ ሲጠይቁ ግን አንዱ በርካሹ ይገባል፤ ልዩነቱን ለሁለት ይካፈሉት። ይህን ሳይጠየቅ የሚነግራችሁ ቆራጭ ካገኛችሁ ስልኩን ያዙት።

ሁለተኛው ምሥጢር፦ «ሞልቷል» ማለት ሁልጊዜ ሞልቷል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ቡክ አድርጎ ይይዝና ሳይከፍል ይቀራል። እያንዳንዱ ቡኪንግ የመክፈያ ሰዓት ገደብ አለው፤ ገደቡ ሲያልፍ ወንበሩ ተመልሶ ይለቀቃል። ማታ «የለም» የተባለ ወንበር ጠዋት ሊኖር ይችላል። በተጨማሪም አየር መንገድ የበዓሉን ፍላጎት አይቶ ተጨማሪ በረራ ሊከፍት ይችላል፤ ወደ ክልል ከተሞች የሚበረው ኪው 400 ከ80 ሰው በላይ የማይጭን ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ስለሆነ በትልቅ ጄት ሲተካ ወንበር በአንድ ጊዜ ይፈታል። ስለዚህ «የለም» ያላችሁን ቢሮ አትቀየሙት። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ጠይቁ። በነጋታውም እንደገና። እንደ እኔ ያለ ሰው የትዕግሥተኛውን ደንበኛ ስም ይይዛል፤ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሱ ነው።

በየዓመቱ አንድ ዓይነት ወሬ መስኮቴ ላይ ይደጋገማል። ከገና በኋላ ነው፤ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበር ላይ ቁጭ ይላሉ።

«ልጄ፣ እባክህ ለልጅዬ ለጎንደር አንድ ወንበር። ስድስት ኪሎ ነው የሚማረው።»

«እሺ እናቴ፤ መቼ ሄዶ መቼ ይመለስ?»

«ለከተራ ይድረስ እንጂ መመለሱን እሱ ራሱ ያውቃል።»

«እናቴ፣ መመለሻውን እሱ አያውቀውም። እኔ ነኝ የማውቀው፤ እሱም እያለቀ ነው።»

ከገና እስከ ከተራ 11 ቀን ገደማ ብቻ ነው ያለው። በዚያን ጊዜ ከውጭ አገር ለገና የመጣው ዘመድ የጎንደሩን ደርሶ መልስ ከወራት በፊት ይዞታል፤ አስጎብኚ ድርጅቶች የቡድን ወንበራቸውን ወስደዋል። ለእናትየው የቀረላቸው ቅሪት ነው። ለተማሪ ትኬት የሚቆረጠው ኅዳር ላይ ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ከገና በፊት።

ስለ ውጭ ዘመድ ካነሣን፦ አክስት ከሜሪላንድ ወይ ከዱባይ «ትኬቱን እኔ ልግዛለት» ስትል ደስ ይላል፤ ግን አገር ውስጥ በረራ ላይ ለነዋሪና ለውጭ አገር ሰው የሚጠየቀው ዋጋ አንድ አይደለም። እሷ ከዚያ ሆና ድረ ገጹ ላይ የምታየው ዋጋ ልጁ እዚህ በብር የሚከፍለው ላይሆን ይችላል። ብሩን ትላክለትና እሱ እዚህ ያስቆርጥ። የቡኪንግ ኮዱን ይዞ በስልኩ ወይም በባንክ መክፈል ይችላል። የመክፈያ ሰዓቱን ግን ጽፎ ይያዝ፤ ብሩ ደርሶ ሰዓቱ ያለፈበት ብዙ ነው።

ስም ላይ ደግሞ አደራ። ጸጋዬን አንዱ በ«ቲ» ይጀምረዋል፣ አንዱ በ«ኤስ»። በስልክ ነግራችሁኝ እኔ በመሰለኝ ጽፌው የተማሪ መታወቂያው ላይ ሌላ ከሆነ ኤርፖርት በር ላይ የሚከራከረው ልጁ ነው፤ እኔ በዚያ ሰዓት ተኝቻለሁ። የመታወቂያውን ፎቶ ላኩልኝ። ይዞት የሚሄደው ፋይዳ ከሆነ የፋይዳውን፣ የዩኒቨርሲቲው ከሆነ የዩኒቨርሲቲውን። የሚያሳየውና ትኬቱ ላይ ያለው ፊደል በፊደል አንድ ይሁን።

አሁን ደግሞ እኛ ቆራጮች ራሳችን ቶሎ የማንናገረውን ልንገራችሁ። ደርሶ መልስ በአንድ ትኬት ቆርጣችሁ ልጁ መሄጃው ላይ ቢያረፍድ፣ ሳያሳውቅም ቢቀር፣ ሲስተሙ «አልመጣም» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ከዚያ መመለሻውም አብሮ ይሰረዛል። ልጁ ግን «መሄጃው አለፈኝ እንጂ መመለሻ አለኝ» ብሎ በአውቶቡስ ይሄዳል። ጥር 12 ኤርፖርት ሲደርስ ስሙ የለም። ስለዚህ መሄጃው የሚያጠራጥር ከሆነ ዋጋውን አስተያዩና መሄጃና መመለሻውን በሁለት የተለያየ ትኬት ቁረጡ። በአንድ ትኬት ከሆነም መሄጃው ከመነሣቱ በፊት ደውሎ ያስታውቅ። አንዲት የስልክ ጥሪ ናት፤ ካልተደወለች ግን ሁለቱም ወንበር ይሄዳል።

ስድስት ኪሎ ለሚማር ልጅ ደግሞ ካርታ ላይ የማይታይ ወጥመድ አለ። ጃንሜዳ እዚያው ጎኑ ነው። በከተራ ከሰዓት ከየአድባራቱ የሚወጡት ታቦታት ወደ ጃንሜዳ ሲጓዙ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ ለመኪና ይዘጋል፤ በሌላውም የከተማው ክፍል እንዲሁ። የከተራ ከሰዓት በረራ ርካሽ ሆኖ ካገኛችሁት ለምን ርካሽ እንደሆነ ገምቱ። ልጁ ከዶርም ወጥቶ ቦሌ ለመድረስ ምእመኑን ሁሉ በእግሩ ሰንጥቆ ማለፍ አለበት። መሄጃው በከተራ ዕለት ከሆነ የጠዋቱን ያዙ፤ ከሁሉም የሚሻለው አንድ ቀን ቀድሞ ነው። ጥር 11 ከሰዓት አዲስ አበባ የሚያርፍ በረራም ያው ነው፤ ታቦታቱ እየተመለሱ ስለሚሆን ከቦሌ ወደ ስድስት ኪሎ የሚያደርሰው ታክሲ ፈቃደኛ አይሆንም።

በመኪና ለሚሉት፦ አዲስ አበባ ጎንደር በጎጃም በኩል 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ደጀን ላይ ይወጣል፤ ባሕር ዳር ከደረሱ በኋላም 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ድሮ ተማሪው ሁሉ በዚህ ነበር የሚሄደው። ከ2015 መገባደጃ ወዲህ ግን በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ የተጓዦች መታገትም ተሰምቷል። ስለዚህ በአሁኑ ጊዜ ወላጅ ሲጠይቀኝ አቅም ካለ አየር ነው የምለው። የለም፣ በመኪና ነው ካላችሁ የቢሮውን ሰው ብቻ አትጠይቁ፤ ቢሮ ትኬት መሸጥ ይፈልጋል። ማታ መናኸሪያ ሂዱና ከዚያ በኩል የገባውን ሾፌር ወይም ረዳት «ዛሬ እንዴት አለፋችሁ?» በሉት። እውነቱ እሱ ዘንድ ነው። የስምሪት ወረቀት ሳይኖረው «በሌሊት ቀድመን እንገባለን» የሚል ሚኒባስ ቢመጣ ልጃችሁን አትስጡት። ታሪፉን እጥፍ ማድረጉ ትንሹ ጥፋቱ ነው።

ትኬቱ ተቆረጠ። መኝታስ? በጥምቀት ጎንደር አልጋ ማለት ወርቅ ነው። ስሙ የገነነ ሆቴል ውስጥ ተማሪ ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ፔንሲዮን ነው። ፔንሲዮን ላይ የሚሆነውን እኔ በስልክ አልጋ ስይዝ ከምሰማው ልንገራችሁ። ትደውላላችሁ፤ እንግዳ ተቀባዩ «እሺ፣ ስሙን ጽፌዋለሁ» ይላል። የጻፈው ደብተር ላይ ነው፤ ያ ደብተር ደግሞ ማታ ሌላ ሰው እጅ ይገባል። በከተራ ዋዜማ ጥሬ ብር የያዘ ሰው በሩ ላይ ሲቆም ደብተሩ አይገለጥም። በዚህ ሥራ፣ ስም አልጋ አያስይዝም፤ ቀብድ ነው የሚያስይዘው። በባንክ ወይም በቴሌብር ላኩ፣ በማን ስም እንደገባ የሚያሳየውን ደረሰኝ ያዙ፣ የባለቤቱን እንጂ የሠራተኛውን ስልክ ብቻ አትያዙ፣ ጥር 8 ላይ ደግሞ እንደገና ደውሉ። ያ ሁለተኛው ስልክ ነው አልጋውን የሚያጸናው።

ቦታውንም ምረጡ። ባሕረ ጥምቀቱ፣ የዐፄ ፋሲል መዋኛ የምንለው፣ ከፋሲል ግንብ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በከተራና በጥምቀት ዕለት በመካከሉ ያለው መንገድ ለመኪና አይሆንም፤ ባጃጅም ዞሮ ዞሮ ሩቅ ላይ ነው የሚያወርደው። ፒያሳና አራዳ አካባቢ የሚያድር በእግሩ ይደርሳል። አዘዞ ደግሞ ርካሽ ነው፤ የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያም በዚያው አቅጣጫ ስለሆነ ለመመለሻ ይመቻል፤ ለበዓሉ ሌሊት ግን ይርቃል። የማስበው መላ እንዲህ ነው፦ ከተራንና ጥምቀትን ከተማው ውስጥ፣ የመጨረሻውን ሌሊት ወደ አዘዞ። በጠዋት በረራ የሚመለስ ልጅ ከተማው መሀል ካደረ ከዝግ መንገድ ጋር ሲታገል ነው ቼክ ኢን የሚዘጋው። «የጓደኛዬ ዶርም አድራለሁ» የሚለውን ደግሞ አትመኑ። የዩኒቨርሲቲ በር ጥበቃ የሚያውቀው መታወቂያ ነው፤ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪን ለበዓል ጠበቅ ባለበት ሰሞን በሌሊት አያስገባም። ዘመድ ካለ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት በኩል የሚያስጠጋ ቤተሰብ ካለ፣ ከማንኛውም ፔንሲዮን ይበልጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ከትኬትና ከአልጋ በላይ ነው። የጥምቀት በዓል በታኅሣሥ 2012 በዩኔስኮ ተመዘገበ። በወሩ ገደማ፣ ጥር 11 ቀን 2012፣ ባሕረ ጥምቀቱ አጠገብ ከእንጨት የተሠራው የመቀመጫ ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞተ፤ ከ100 በላይ ተጎዳ። ለልጁ የምትሰጡት ምክር ስለ ብርድና ስለ ስንቅ ብቻ አይሁን። ርብራብ ላይ አትውጣ በሉት፤ አጥር ላይ አትንጠልጠል፤ ውኃው ተባርኮ ጎረምሳው ሲዘል ከዳር ቁም። ስልኩን በፊት ኪሱ ያድርግ። ኔትወርክ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ሲጨናነቅ ስለሚጠፋ ከጓደኞቹ ጋር የሚገናኙበትን ቦታና ሰዓት አስቀድመው ይነጋገሩ፤ «እደውልልሃለሁ» እዚያ አይሠራም። ኤቲኤም ላይ ወረፋ ወይ ባዶ ማሽን ስለሚገጥመው የሁለት ቀን ጥሬ ብር ከፋፍሎ ይያዝ። ትኬቱንም አንድ ወረቀት ላይ ያትመው፤ ባትሪ የሞተበት ስልክ ቦርዲንግ አያሰጥም።

የመጨረሻዋ ሹክሹክታ ለእኔ ሥራ ጥሩ አይደለችም፤ ቢሆንም ልንገራችሁ። የማቆሚያ ቀን አስቀምጡ። ጥር 8 ማታ መመለሻ የተከፈለበት ወንበርና ቀብድ የተላከበት አልጋ በእጃችሁ ከሌለ ልጁን አትላኩት። በዚያ ሰዓት መስኮቴ ላይ የሚመጣ ወላጅ የሚገዛው በጭንቀት ነው፤ በጭንቀት የገዛ ደግሞ ውዱን ወንበር፣ መጥፎውን ሰዓት፣ ደላላ የጨመረበትን ዋጋ ነው የሚያገኘው። እኔ እሸጥላችኋለሁ፤ ሥራዬ ነው። ግን የራሴ ልጅ ቢሆን ነጠላውን አልብሼ ጃንሜዳ ነበር የምልከው፤ ለጎንደሩ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ፣ የፈተናው ቀን እንደታወቀ፣ መጀመሪያ መመለሻውን እቆርጥለት ነበር።